ፍሬዛል ቨርብ በሽምደዳ አይያዝም፦ «300 በ30 ቀን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ የእንግሊዝኛ መማሪያ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ እኛም ሰውየውን ሳይሆን ሐሳባቸውን ነው የምንሞግተው። ጽሑፉ የሚያወራው ፍሬዛል ቨርብ ስለሚባሉት፣ ማለትም አንድ ግስ ከአንዲት ወይም ከሁለት ትናንሽ ቃላት ጋር ገጥሞ አዲስ ፍቺ ስለሚሰጥባቸው እንደ «ጊቭ አፕ» (መተው)፣ «ሉክ አፍተር» (መንከባከብ)፣ «ፑት አፕ ዊዝ» (መታገሥ) ስላሉ ግሶች ነው። በቀን 10 እየሸመደዱ በ30 ቀን 300 መጨረስ ይቻላል ይላል። ይህንንም ለጎጃም ሰው ጆሮ በሚጥም አነጋገር አስውቦታል፦ «ፍሬዛል ቨርብ የእንግሊዞች ቅኔ ነው፤ ሰሙን ተወው፣ ወርቁን ሸምድድ።»

ቅኔው ከተነሣ አይቀር፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዲማም ሆነ ሌላ የቅኔ ጉባኤ ቤት የዋለ ተማሪ የሰው ወርቅ ሸምድዶ ባለቅኔ ሲሆን አልታየም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ከምትባለው ቅኔ ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚዘልቀው ግስ እየገሠሠ፣ ከግሱ ጋርም አገባብ እየቀጸለ ነው። አገባብ ማለት ከግስና ከስም ጎን እየገቡ ፍቺ የሚያዞሩትን ትናንሾቹን ቃላት የሚያስተምረው ክፍል ነው፤ ዐቢይ፣ ንዑስ፣ ደቂቅ ተብሎ ተለይቶ ራሱን ችሎ ይሰጣል። የኛም ክርክር ከዚህ አይርቅም። በፍሬዛል ቨርብ የሚያስቸግረው «ጎ»፣ «ፑት»፣ «ተርን» የሚሉት ግሶች አይደሉም፤ እነሱን ገና በአንደኛ ደረጃ የማያውቅ ተማሪ የለም። የሚያስቸግረው ከኋላ የምትከተለው ትንሽ ቃል ናት። የሷን ሙያ ያልተማረ 300 ቢሸመድድ 301ኛው ላይ ሲደርስ እንደ አዲስ ይቆማል። ለፍሬዛል ቨርብ ብቻ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ደግሞ የሚዘረዝሩት በሺህ የሚቆጠር ነው።

የጽሑፉን ነጥቦች በየተራ እንያቸው።

«ለእያንዳንዱ አንድ የአማርኛ ፍቺ ያዝ»

በዝርዝሩ ውስጥ «ጎ ኦፍ» ፊት ለፊት «ጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። ይህን የያዘ ተማሪ «ዘ ላይትስ ዌንት ኦፍ» ሲባል መብራት እንደ ጠፋ በትክክል ይረዳል። ቀጥሎ «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ አት ፋይቭ» የሚል ሲገጥመው ግን «ደወሉ ጸጥ አለ» ብሎ ይፈታዋል። የተባለው ግን ተቃራኒው ነው፤ ደወሉ ጮኸ። (አምስት ሰዓት የተባለውም በኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ነው፤ ያ የራሱ ጣጣ አለው።) «ዘ ገን ዌንት ኦፍ» ጠመንጃው ባረቀ ማለት ነው። «ዘ ሚልክ ሃዝ ጎን ኦፍ» ወተቱ ተበላሸ ነው፤ ይህ በተለይ የብሪታንያ አነጋገር ነው። «ሂ ዌንት ኦፍ ቱ ሞጣ» ደግሞ ተነሥቶ ወደ ሞጣ ሄደ ነው።

እዚህ ላይ ፍቺውን የሚቆርጠው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። «ኦፍ» በመሠረቷ ከነበሩበት መለየትን ትናገራለች። መብራት ከበራበት ሁኔታ ሲለይ ይጠፋል፤ ወተት ከደኅንነቱ ሲለይ ይበላሻል፤ ለሰዓቱ የተሞላ ደወልና የተቀባበለ ጠመንጃ ከተያዙበት ሲለቀቁ ይጮኻሉ። ሰውም ከነበረበት ሲለይ ሄደ ይባላል። ስለዚህ ደብተር ላይ የሚጻፈው «ጎ ኦፍ = ጠፋ» ሳይሆን «ላይት፣ ጎ ኦፍ»፣ «አላርም፣ ጎ ኦፍ»፣ «ሚልክ፣ ጎ ኦፍ» እየተባለ ከነጎረቤቱ ነው።

ተሳቢ ያላቸው ላይ ደግሞ ፍቺውን የሚለውጠው ተሳቢው ይሆናል። «ፑት ኦፍ» ከስብሰባ ጋር ቀጠሮ ማራዘም ነው፤ ከሰው ጋር ሲሆን ግን ፍላጎት መዝጋት ነው፦ «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ»፣ ሽታው አስጠላኝ። «ፑት አውት» ከእሳትና ከሲጋራ ጋር ማጥፋት፣ ከመግለጫ ጋር ማውጣት ነው። «ፊል ኢን» ለቅጽ ነው፤ አሜሪካኖች «ፊል አውት» ይሉታል። «ፊል አፕ» ግን ለነዳጅ ታንከርና ለብርጭቆ ስለሆነ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ «ፊል አፕ ዚስ ፎርም» ብሎ ወረቀት መስጠት ጆሮ ይቆረቁራል። «ሜክ አፕ» ከወሬ ጋር ፈጥሮ ማውራት፣ ከጠብ በኋላ መታረቅ ነው። «ፒክ አፕ» ማንሣት ነው፤ ዕቃም ይሁን መንገድ ዳር የቆመ ሰው፤ ቋንቋም ሲሆን ሳይማሩት ከሰው አፍ መልቀም ማለት ነው። ሁለቱም በስምነት ወደ አማርኛ ገብተው ሜካፕና ፒካፕ ሆነዋል። በእንግሊዝኛም ስም ሲሆኑ ሁለቱ ክፍሎች ተጋጥመው ወይም በሰረዝ ተያይዘው ይጻፋሉ፣ ድምፁም መጀመሪያው ላይ ይጠብቃል፤ ግስ ሲሆኑ ግን ተለያይተው ነው የሚጻፉት። ተማሪዎች በጽሑፍ ነጥብ ከሚጥሉባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

«አማርኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ከመሸምደድ ሌላ አማራጭ የለም»

እንዴት አይኖርም? «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ግሳቸው አንድ ነው፤ ረቺውን ከተረቺው የሚለየው የ«ለ» እና የ«በ» ልዩነት ነው። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንዲሁ። «ደረሰ» ብንል መምጣት ነው፤ «ደረሰለት» መርዳት ነው፤ «ደረሰበት» ደግሞ ወይ ከኋላ ተነሥቶ መያዝ ነው፣ ወይ ምስጢር ማወቅ ነው። እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «ካች አፕ ዊዝ»፣ ለሁለተኛው «ፋይንድ አውት» ይላል። በ«አለ» እና በ«አደረገ» የሚገጠሙትስ? «ብቅ አለ» ማለት ቁርጥ «ተርን አፕ» ነው። «እጅ ሰጠ» ደግሞ «ጊቭ ኢን»።

ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው። አማርኛ «ለ»ን እና «በ»ን ከግሱ ጫፍ ላይ ስለሚለጥፋቸው መጣል አይቻልም። እንግሊዝኛ ግን ለይቶ ስለሚያቆማቸው አማርኛ ተናጋሪ ይረሳቸዋል። «መጽሐፌን እየፈለግሁ ነው» ለማለት «አይ አም ሉኪንግ ማይ ቡክ» ይላል፤ «ፎር» ጠፍታለች። ከነጭራሹ «ፈለገ» የሚለው ግስ መሻትንም ማሰስንም ስለሚይዝ «ስፈልግህ ነበር» ለማለት «አይ ዋንት ዩ» የሚልም አለ፤ ይህ ለፈረንጅ ሲነገር ሌላ ነገር ያስጠረጥራል። «አይ ዎዝ ሉኪንግ ፎር ዩ» ነው የሚባለው። «የፈለግሁት መጽሐፍ» ሲሆንም «ዘ ቡክ አይ ዎዝ ሉኪንግ ፎር» ተብሎ «ፎር» መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። የቀረች ትመስላለች እንጂ ቦታዋ እዚያ ነው።

በተደራጊ ግስም ይኸው ችግር ይመጣል። «አክስቷ ተንከባከበቻት» የሚለው ሲገለበጥ «ሺ ዎዝ ሉክድ አፍተር ባይ ሀር አንት» ይሆናል። «አፍተር» እና «ባይ» ጎን ለጎን መቆማቸው ስሕተት ስለሚመስል ተማሪ አንዷን ይሰርዛል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ «አፍተር» የግሱ ናት፣ «ባይ» የአድራጊው።

«አፕ ላይ ነው፣ ዳውን ታች ነው፤ ከዚያ ገምት»

ከላይ ሸምድድ ብለው እዚህ ገምት ማለታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ቢሆንም መገመቱ ራሱ ክፉ ሐሳብ አይደለም። «ስታንድ አፕ»፣ «ሲት ዳውን»፣ «ፎል ዳውን» ላይ አቅጣጫው ይሠራል። ከዚህ ሲያልፍ ግን ትናንሾቹ ቃላት ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ መገመት የሚቻለውም ያንን ሥራ ላወቀ ብቻ ነው።

አውቶቡስ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ዳገቱን ሽቅብ እየወጣ ሞተሩ ቀጥ ቢል፣ እንግሊዝኛው «ዘ ባስ ብሮክ ዳውን» ነው። እየወጣ ሳለ «ዳውን»! እዚህ «ዳውን» የምትናገረው ሥራ ማቆምን ነው፦ «ሻት ዳውን»፣ «ክሎዝ ዳውን»። «ዳውን» ተጥላ «ዘ ባስ ብሮክ» ከተባለ አውቶቡሱ ተሰበረ የሚል ስሜት ይሰጣል። ሁለተኛው ሥራዋ መቀነስ ነው፦ «ስሎው ዳውን»፣ «ካት ዳውን ኦን ሶልት»፣ «ተርን ዳውን ዘ ሪዲዮ»። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ማስፈር ነው፦ «ራይት ዳውን»።

«አፕ» ከሁሉ ይልቅ ሥራ የበዛባት ናት። መውጣትንና መጨመርን («ስፒድ አፕ»፣ «ስፒክ አፕ») ትተን፣ ዋናው ሙያዋ እስከ ጫፍ መጨረስ ነው። እኛ እንግዳው ጠላውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣ፣ ልጁ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ በላ፣ ዱቄቱን ሙጥጥ አድርጋ ጨረሰች የምንለውን እንግሊዝኛ በዚችው ቃል ይወጣዋል፦ «ድሪንክ አፕ»፣ «ኢት አፕ»፣ «ዩዝ አፕ»። ያለሷ ያለውን ከሷ ጋር ካለው ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ልዩነቱ ይታያል። «ሂ ቶር ሂዝ ሸርት» ሸሚዙ አንድ ቦታ ተቀደደበት ነው፤ «ሂ ቶር አፕ ዘ ሌተር» ደብዳቤውን ብጭቅጭቅ አደረገው ነው። ታዲያ ቤት ሲቃጠል ለምን «በርን ዳውን» ተባለ፣ ወረቀት ሲቃጠል «በርን አፕ»? ቤት ቆሞ ስለነበር ነዶ ይወድቃል፤ ወረቀት ግን ነዶ ያልቃል።

«ኦን» መቀጠል ናት፦ «ካሪ ኦን»፣ «ጎ ኦን»፣ «ኪፕ ኦን»። ከነዚህ በኋላ የሚመጣው ግስ በ«ኢንግ» ያልቃል፦ «ኪፕ ኦን ወርኪንግ»። «አውት» ማለቅ («ረን አውት ኦቭ»)፣ ማደል («ሃንድ አውት») ወይም ተደብቆ የነበረን ማግኘት ናት («ፋይንድ አውት»፣ «ወርክ አውት»)። በነገራችን ላይ የ«ረን አውት ኦቭ» መጨረሻ በአንድ ኤፍ፣ የ«ተርን ኦፍ» መጨረሻ በሁለት ኤፍ ነው የሚጻፈው፤ ቃላቱም የተለያዩ ናቸው።

ይህ ሁሉ ተብሎ የማይፈቱ አሉ። «ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ መሆኑን ከሦስቱ ቃላት ማንም አያወጣውም። ሽምደዳ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያሉት ነው።

«ተሳቢውን መሃልም አድርገው መጨረሻም፤ ለውጥ የለውም»

ከጽሑፉ ሁሉ ተማሪን የሚጎዳው ይህ ነው፤ ጠቅላላው ጽሑፍ ትክክል ቢሆን እንኳ ይቺ ብቻ ታበላሸው ነበር።

ፍሬዛል ቨርቦች በተሳቢ አያያዛቸው አራት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ተሳቢ የላቸውም፦ «ጌት አፕ»፣ «ብሬክ ዳውን»፣ አውሮፕላን ሲነሣ «ቴክ ኦፍ»። እነዚህ ራስ አያሳምሙም። ሁለተኛዎቹ የሚለያዩት ናቸው። «ተርን ኦፍ»ን እንውሰድ። ተሳቢው ስም ከሆነ በእርግጥ ሁለቱም ቦታ ይሆናል፦ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»። ተሳቢው «ኢት»፣ «ዜም»፣ «ሂም» የመሰለ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ቦታው መሃል ብቻ ነው፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» ስሕተት ነው፣ ማስተባበያ የለውም። ተሳቢው ረዥም ሐረግ ሲሆን ደግሞ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ «ትናንት ከገበያ ያመጣነውን፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሬዲዮ» የሚያህል ሐረግ መሃል ከገባ «ኦፍ» እስኪመጣ አድማጭ ግሱን ይረሳዋል።

ሦስተኛዎቹ የማይለያዩት ናቸው። «ሉክ አፍተር»፣ «ሉክ ፎር»፣ «ካም አክሮስ» (ሳያስቡ ማግኘት)፣ «ረን ኢንቱ» (ድንገት መገናኘት)። እዚህ ተውላጠ ስምም ቢሆን ከኋላ ነው የሚቆመው፦ «ሉክ አፍተር ሂም»። «ተርን ኢት ኦፍ»ን የተማረ ልጅ በዚያው ልማድ «ሉክ ሂም አፍተር» ይላል፤ ጽሑፉም «ለውጥ የለውም» ብሎ ያበረታታዋል። አራተኛዎቹ ባለ ሦስት ቃላቱ ናቸው፦ «ፑት አፕ ዊዝ ኢት»፣ «ረን አውት ኦቭ ኢት»፣ «ሉክ ዳውን ኦን ሂም»። ጥቂት ሲቀሩ ተሳቢያቸው መጨረሻ ላይ ነው።

እንዴት ይለያል? የሚከተሉትን መንገዶች መሞከር ይቻላል። አንደኛው ድምፅ ነው፤ በሚለያዩት ላይ ትንሿ ቃል ትጠብቃለች («ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል ጉልበቱ «ኦፍ» ላይ ነው)፣ «ሉክ አት ኢት» ላይ ግን ጉልበቱ «ሉክ» ላይ ነው። ሁለተኛው መሃል ላይ ተውሳከ ግስ መጨመር ነው። «ሉክ ኬርፉሊ አት ዘ ማፕ» ያስኬዳል፤ «ተርን ኩዊክሊ ኦፍ ዘ ላይት» ግን አያስኬድም። ሦስተኛውና አስተማማኙ መዝገበ ቃላት ነው፤ ለተማሪ የሚዘጋጁት «ሳምቲንግ» የምትለዋን ቃል የሚያስቀምጡበት ቦታ ሁሉን ይናገራል። «ተርን ሳምቲንግ ኦፍ» ብሎ መሃል ካስገባት ይለያያል፤ «ሉክ አፍተር ሳምቲንግ» ብሎ ከኋላ ካስቀመጣት አይለያይም። አንዳንዶቹ ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ያደርጉበታል። ብዙ ተማሪ ይህን ምልክት እንደ ጌጥ ያልፈዋል።

አንድ ዓይነት ቃላት ሆነው ሁለት ቦታ የሚመደቡም አሉ። አንድ ሯጭ የጮቄን ተዳፋት ሮጦ ወጣ ሲባል «ሂ ራን አፕ ዘ ሂል» ነው፤ «አፕ» እዚህ ተራ መስተዋድድ ስለሆነች «ሂ ራን ኢት አፕ» አይባልም። «ሂ ራን አፕ ኤ ቢል» ግን ዕዳ አከማቸ ማለት ነው፤ ይህኛው ፍሬዛል ቨርብ ስለሆነ «ሂ ራን ኢት አፕ» ይባላል።

እዚሁ ላይ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» መነሣት አለበት፤ በማመልከቻ ደብዳቤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እሱ ላይ ነው። «ቱ»ን ያየ ሁሉ ቀጥሎ ባዶ ግስ ያመጣል፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ»። ይቺ «ቱ» ግን መስተዋድድ ናት፤ ከኋላዋ ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ነው የምትፈልገው፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ»። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በግሱ ፋንታ «ኢት» ቢገባ ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት»።

«የመንገድ ቋንቋ ስለሆነ በአንድ ትልቅ ቃል ተካው»

ጽሑፉ ለእያንዳንዱ ምትክ ይሰጣል፤ «ፑት ኦን = ዌር»፣ «ጊቭ አፕ = ሰረንደር»፣ «ፋይንድ አውት = ፋይንድ» እያለ።

«ፑት ኦን» እና «ዌር» አንድ የሚመስሉት አማርኛው ሁለቱንም «ለበሰ» ስለሚል ነው። በደብረ ማርቆስ ብርድ ሰውየው ጋቢውን አሁን እያጣፋ ትከሻው ላይ እየጣለ ከሆነ «ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ጋቢ» ነው፤ ድርጊቱ ገና አላለቀም። ደርቦት ተቀምጦ ከሆነ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ጋቢ»። ስለዚህ «ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ጋቢ ኦል ደይ» ከተባለ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲያጣፋ ዋለ ማለት ይሆናል። «ዌክ አፕ» እና «ጌት አፕ»ም እንደዚሁ፤ የመጀመሪያው መንቃት ነው፣ ሁለተኛው ከአልጋ መነሣት፤ በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ሊኖር ይችላል። «ፋይንድ» ለቁልፍ፣ ለገንዘብ፣ ለሚጨበጥ ነገር ነው፤ «ፋይንድ አውት» ለወሬና ለእውነት። «አይ ፋውንድ አውት ማይ ኪ» የሚባል ነገር የለም። «ጊቭ አፕ»ም በጦር ሜዳ እጅ መስጠት ይሆናል፤ ሲጋራ መተው ሲሆን ግን «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ» እንጂ «ሰረንደር» አይገባበትም። በሌላ በኩል «ኮል ኦፍ = ካንስል» ያሉት ትክክል ነው፣ «ፑት ኦፍ = ፖስትፖን»ም ለስብሰባ ይሠራል።

የመንገድ ቋንቋ ስለ ማለታቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን መስጠቱን የሚናገረው «ጊቭ አፕ» በሚለው ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ለባዕድ ተማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ የግስና የትንሽ ቃል ጥምረት መሆኑን ጽፎ፣ ለዚያም ሲል በጥንቃቄ መሰብሰቡን ገልጿል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ ግን በመጽሐፍ የወጣው በ1925 ነው፤ ያወጣው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ሲሆን ሐሳቡን ያገኘው ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከሄንሪ ብራድሊ እንደሆነ ተናግሯል። ነገሩ ከስሙ እጅግ ይቀድማል ማለት ነው።

ዛሬም ቢሆን በጥናት ጽሑፍ «ካሪ አውት» እና «ፖይንት አውት» የተለመዱ ናቸው። በአቪዬሽን «ቴክ ኦፍ» መደበኛ ሙያዊ ቃል ነው። በመደበኛ ደብዳቤ መዝጊያ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ማለት የተለመደ ነው። ትልቅ ቃል የማይገባበትም ቦታ አለ። ጢስ ዓባይ ላይ እርጥብ ድንጋይ የሚያዳልጠውን እንግዳ የሚመራ ሰው «ዋች አውት!»፣ «ሆልድ ኦን!» ይላል እንጂ «ኤክሰርሳይዝ ኮሽን» ብሎ እስኪጨርስ እንግዳው ወድቋል።

በከፊል ልክ የሆኑበትን እንቀበላለን። «ሃንግ አውት»፣ «ቺል አውት»፣ «ሜስ አፕ» የጓደኛ ወግ ናቸው፤ በፈተና ድርሰት አይጻፉም። በጥናት ጽሑፍም «ጎ አፕ» ከማለት «ኢንክሪስ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ከማለት «ቶለሬት» ይሻላል። ግን ይህ ለየአንዳንዱ ተለይቶ የሚያዝ ነው፣ የጅምላ ሕግ አይደለም።

«ፈተና ላይ ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፤ ምርጫዎቹን እይ»

ፈተናው ጋ ከመድረሳችን በፊት አጠናኑን እናስተካክል። በቀን 10 ከሚሸመደድ 3 ቢያዝ ይበቃል። ለእያንዳንዱ የሚጻፈው ግን ፍቺው ብቻ አይደለም። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። የተውላጠ ስም ቦታው ይጻፋል («ፑት ኢት ኦፍ»)። አብረውት የሚሄዱት ስሞች ይጻፋሉ (ሚቲንግ፣ ትሪፕ፣ ኤግዛም)። የኃላፊ ጊዜ መልኩም ይጻፋል፤ «ፑት» በኃላፊም «ፑት» ነው እንጂ «ፑትድ» የሚባል የለም፣ «ቴክ ኦፍ» ደግሞ «ቱክ ኦፍ» ይሆናል። በሳምንቱ መጨረሻ የአማርኛውን ወገን ሸፍኖ ዓረፍተ ነገሩን ከትንሿ ቃል በስተቀር መጻፍና ክፍቱን ቦታ መሙላት ነው። በግስ ሰብስቦ መያዝ («ፑት ኦፍ፣ ፑት አውት፣ ፑት ኦን» በአንድ ቀን) ጽሑፉ የሚመክረው ቢሆንም እርስ በርስ ያደናግራል፤ በትንሿ ቃል መሰብሰብ፣ ለምሳሌ የመጨረስ «አፕ»ን ብቻ በአንድ ቀን መያዝ ይሻላል።

አሁን ወደ ፈተናው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣ፦ «በከባድ ዝናብ ምክንያት ዘ ሚቲንግ ዎዝ ዳሽ፤ ኢት ዊል ቢ ሄልድ ነክስት መንዴይ»። ምርጫዎቹ «ፑት አውት»፣ «ፑት ኦፍ»፣ «ኮልድ ኦፍ»፣ «ፑት አፕ» ናቸው። ምርጫውን ብቻ ያየ ተማሪ «ስብሰባ» ከሚለው ጋር የሚሄዱ ሁለት ያገኛል፤ «ፑት ኦፍ» ማራዘም፣ «ኮል ኦፍ» መሰረዝ። ሁለቱም በተደራጊነት ይገባሉ፣ ሁለቱም ከዝናቡ ጋር ይስማማሉ። የመጀመሪያው ሐረግ ላይ ቆሞ ከመረጠ ዕጣ እንደ መጣል ነው። የተሰረዘ ስብሰባ በሚቀጥለው ሳምንት አይደረግም፤ ስለዚህ መልሱ «ፑት ኦፍ» ነው፣ ይህንንም የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ያሉት «ነክስት መንዴይ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው።